ሰቃዩ መጣ

የጋለሪው ዘበኛ ከሩቅ ሲያየኝ ወደ ግቢው ዞር ብሎ «ሰቃዩ መጣ!» ይላል። እውነቱን ነው፤ ሥራዬ ሥዕል መስቀል ነው። ሰዓሊ አይደለሁም፣ ኩሬተርም አይደለሁም። የትኛው ሥራ ይታይ የሚለውን ሌሎች ይጨርሱታል። በምን ከፍታ፣ በምን ብርሃን፣ ከማን ጎን የሚለው ግን አብዛኛውን ጊዜ እኔው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ኤግዚቢሽን ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ያየኝ ሰው «ሰቃይ»ን «ሥቃይ» ብሎ ቢያነበው አልቀየመውም።

ዘንድሮ ጋለሪው 20 ዓመት ሞላው። ባለቤቷ እትዬ «እዚህ ያሳየ ሁሉ አንድ አንድ ሥራ ያምጣ» አሉ። ሁሉም አመጣ። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የአንድ ሰዓሊ ትርኢት ሲሆን ሥራዎቹ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ቢጣሉም ይታረቃሉ። የቡድን ትርኢት ግን ሠርግ ቤት ነው። የተኳረፈ አለ፣ ቶሎ የሚከፋው አለ፣ በር አጠገብ መቀመጥ የሚፈልግ ደግሞ የለም።

በ10ኛው ዓመት የሠራሁትን ስሕተት አልረሳውም። ያኔ ሥዕሎቹን ያስቀመጥኳቸው ልክ እንደ ሠርግ እንግዳ ነበር። አንጋፋዎቹን ከሳሎኑ ፊት ለፊት፣ መካከለኞቹን ግራና ቀኝ፣ ወጣቶቹን ኮሪደሩና ድሮ ማድ ቤት የነበረችው ጠባብ ክፍል ውስጥ። ማንም ቅር አልተሰኘም። ሳሎኑ ውስጥ ረግቶ የቆመ ሰው ግን አላየሁም። አምስት ትልልቅ ሸራዎች፣ አምስቱም ደማቅ፣ እኩል ይጮኻሉ፤ አንዱ የሌላውን ድምፅ ይበላል። እነዚያን ሥዕሎች አንድ በአንድ ዐውቃቸዋለሁ፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ሰው ያስቆማሉ። ያን ቀን ግን ለፎቶ የተደረደሩ ሹማምንት መሰሉ። በማዕረግ የሰቀልኳቸው እኔ ነኝ፤ ማዕረግ ደግሞ ለዓይን ምንም አይነግረውም።

ዘንድሮ ሥራ የጀመርነው ከግድግዳው ነው። አሮጌውን ቀለም ስንፍቅ በስቱኮ የተደፈኑ የድሮ ቀዳዳዎች ብቅ ብቅ አሉ። ረዳቴ «ይሄ ቤት ኩፍኝ ወጥቶለት ነበር እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ሜትሬን አውጥቼ መለካት ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀዳዳዎች ጣሪያ ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም። ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ እየወረዱ፣ እየወረዱ ይመጣሉ። ገባኝ። በየቤታችን ፎቶግራፍና ሥዕለ አድኖ የሚሰቀለው ከፍ ተደርጎ፣ ከላይ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ነው፤ የተከበረ ነገር ከራስ በላይ ይሆናላ! እኛም ስንጀምር ሥዕሉን የሰቀልነው በዚያው በለመድነው እጅ ነበር። ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ፣ እንደሚሳለም ሆኖ ያየው ነበር። ከዓይኑ ትይዩ አውርደን ፊት ለፊት እንዲያነጋግረው ማድረግን የተማርነው ቆይተን ነው።

አሁን የሥዕሉ መሐል ከወለል 150 ሴንቲሜትር ላይ እንዲያርፍ አደርጋለሁ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ግን ሰው ሁሉ ይሳሳተዋል። 120 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው ሸራ ግማሹ 60 ነው፤ 150 ላይ ሲደመር የላይ ጫፉ 210 ይሆናል። ከጀርባ ያለው ሽቦ ሲወጠር ከጫፉ በ8 ሴንቲሜትር ዝቅ ካለ፣ ምስማሩ 202 ላይ ይመታል። ሽቦውን በጣት ወደ ላይ ሳይወጥሩ የለኩት እንደሆነ ግን ሥዕሉ ካሰቡት በታች ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ልክ ብታስቀምጥ፣ ቱንቢ ብትጥል አያድንህም። አንድ ጊዜ ይህን ለረዳቴ ሳስረዳ እትዬ ሰምተው «ታዲያ ቁመታችን እኩል ነው እንዴ?» አሉኝ። አይደለም። ለዚህ መልስ የለኝም፤ ዝም ብዬ 150 ላይ እመታለሁ።

ቤቱ አሮጌ ቪላ ነው። የኋላው ክፍል፣ ያቺ የድሮ ማድ ቤት፣ ዘግይቶ የተጨመረ ብሎኬት ስለሆነ ጣጣ የለውም፤ በድሪል በስቶ ፊሸር መክተት፣ ብሎኑን ማጥበቅ ነው። የፊተኛው ጭቃ ነው። ጭቃ ድሪል አይወድም። ጭዱ ይፈረፈርና ጡጫ የሚያህል ጉድጓድ ከፍቶ ምስማሩን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ እንጨቱን ፍለጋ ግድግዳውን በጣቴ አንጓ አንኳኳለሁ። ባዶው ጭቃ የደነዘዘ ድምፅ ይሰጣል፤ ቋሚው ጋ ስደርስ ድምፁ ቀጠን፣ ጠንከር ይላል። የቋሚዎቹ ርቀት ግን እኩል አይደለም፤ ቤቱን የሠራው ሰው ባገኘው እንጨት ነው የሠራው። ሥዕሉን እንጨቱ ካለበት ላይ ልስቀል ወይስ ከሚያምርበት? ለዓመታት ግድግዳው ሲያሸንፈኝ ኖሯል። በዚህ በዓል ግን ጣሪያው ሥር ከዳር እስከ ዳር አንድ ሞራሌ በየቋሚው ላይ መታሁና በግድግዳው ቀለም ቀባሁት፤ ሥዕሎቹን ከእሱ ላይ በቀጭን ሽቦ አወረድኳቸው። ሽቦው ይታያል። የማይወደው ሰው አለ፤ እኔ ከወደቀ ሥዕል የሚታይ ሽቦ ይሻለኛል።

ክብደቱም እንደ ድሮው አይደለም። ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ በሚሰበስባቸው የኤሌክትሪክ ሽቦዎችና የኮምፒዩተር ቦርዶች ግድግዳ የሚያህል ሥራ ሠርቶ ዓለም ካየለት ወዲህ፣ ብረትና ቁልፍ የለጠፈ ሰሌዳ ይዞ የሚመጣ ወጣት አይጠፋም። ለእንዲህ ያለው ሽቦ አይበቃም። አንድ ሞራሌ ለሁለት በሰያፍ ይሰነጠቅና አንዱ ግማሽ ግድግዳው ላይ፣ ሌላው ከሥራው ጀርባ ይመታል፤ ከዚያ አንዱ በሌላው ላይ ይቀመጣል። ሦስት ሰው ያነሣዋል፣ አራተኛው ይሳደባል።

ግድግዳው ሲያልቅ ሥራዎቹን በሙሉ መሬት ላይ ካርቶን አንጥፌ በየግድግዳው ሥር አስደገፍኳቸው። ሁለት ቀን ምንም አልሰቀልኩም። ዞርኩ፣ ተቀመጥኩ፣ አለዋወጥኩ፣ ቡና ጠጣሁ። እትዬ ለገንዘባቸው ሳይሆን ለጊዜው ተጨነቁ።

አዲስ አበባ ውስጥ የቡድን ትርኢት መስቀል የዘር ሐረግ መስቀል ማለት ነው። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ያልተማረ፣ ወይም እዚያ የተማረ ሰው ያላስተማረው ሰዓሊ ጥቂት ነው። በ1950ዎቹ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከኮሎኝ፣ እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ ተመልሰው በዚያው ትምህርት ቤት አስተማሩ። የሁለቱ እጅ ፈጽሞ አይገናኝም፤ ተማሪው ግን ከሁለቱም ይቀዳ ነበር። ቅርብ ጊዜ እንኳን ብናይ፣ የጉልት ሴቶችን ደጋግመው የሚሥሉት ታደሰ መስፍን ካስተማሯቸው አንዱ ተስፋዬ ኡርጌሳ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ፓቪሊዮን ስትከፍት የታየው የእሱ ሥራ ነበር። እንግዲህ እንደዚህ ያለ መምህርና ተማሪ በአንድ ቤት ሲገናኙ ምን ይደረግ?

የብዙ ሰው ደመ ነፍስ ጎን ለጎን ስቀላቸው ይላል። እኔ አልሰቅልም። ጎን ለጎን ሲሆኑ ተመልካቹ ሁለት ሥዕል አያይም፤ መመሳሰል ይፈልጋል። «አየህ፣ እጁን ከእሳቸው ነው የወሰደው» ይላል፣ ያልፋል። ተማሪው ባለዕዳ ሆኖ ይቀራል። መምህሩንና ተማሪውን ፊት ለፊት፣ ክፍሉን ተሻግረው እንዲተያዩ አደርጋለሁ። ሰውየው አንዱን አይቶ ሲዞር ሌላው ከሩቅ ይጠብቀዋል። ዝምድናው ከታየውም ራሱ ያገኘው ነውና ይደሰትበታል። ጎረቤት አድርጌ የምመርጠው ሌላ ዓይነት ነው። የሚጮኸውን ከሚያንሾካሹከው፣ ጥድፊያ ያለበትን ዓመት ሙሉ ከተለቀመው።

መግለጫ ካርዱ ላይ አንድ ቀን ሙሉ ጠፋ። ሁለት ሥዕሎች «2008» ይላሉ። አንደኛው ዓ.ም. ነው፣ ሌላው እ.ኤ.አ.፤ በመካከላቸው ስምንት ዓመት ገደማ አለ። የ20 ዓመት ታሪክ እያሳየሁ ስምንቱን በካርድ ላጠፋ ነው። የአንደኛው ሰዓሊ ጋ ደወልኩ። «የኛው ነው የፈረንጁ?» ብለው ሲያስቡ ቆዩና «ሁለተኛዋ ልጄ የተወለደች ጊዜ ነው» አሉኝ። ልጅቷ ጋ ተደወለ። (የእሷም የልደት ወረቀት በፈረንጅ ነው የተጻፈው፤ ቢሆንም አወቅነው።) ሌላ አንድ ወጣት ደግሞ ለመክፈቻው አንድ ቀን ሲቀረው ዘይት ቀለሙ ያልደረቀ ሸራ በሚኒባስ ጭኖ መጣ። ከአንድ ተሳፋሪ ነጠላ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ቀርቷል። ስለሱ ብዙ ባልል ይሻላል።

የቀረችኝ ማድ ቤቷ ነበረች። አንዲት ወጣት ያመጣችው የከሰል ሥዕል አለ፤ ወረቀት ላይ፣ ከደብተር ብዙም የማትበልጥ። የአንዲት እናት ጀርባ ነው፣ ምድጃ ፊት ያጎነበሰች። ወረቀት ብርሃን ይፈራል። ለዘይት ቀለም 200 ሉክስ ቢደርስ ግድ የለም፤ ወረቀት ላይ ግን ከ50 ባይበልጥ ይመከራል። የማድ ቤቷ መስኮት ደግሞ ወደ ምዕራብ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ትገባለች። መስኮቱን በአቡጄዲ ሸፈንኩት፣ ስፖት ላይቱን ወደ ጣሪያው አዞርኩት። ክፍሏ እንደ ማለዳ ሆነች። እንዲህ ባለው ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ የሚኖር ጎረቤት ከየት ላምጣ? ጥቁር ቡናማና ጥልቅ ቀይ እዚያ ገብቶ ይሞታል። የሚተርፈው የነጣ ሥዕል ብቻ ነው። ከመጡት ሁሉ የነጣ አንድ ብቻ ነበር፤ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት ሰዓሊ ያመጡት፣ አመድማና ነጭ፣ መሐሉ ላይ ጭስ የመሰለ ነገር የተዘረጋበት ሸራ።

እትዬ «እሳቸውን? ማድ ቤት?» አሉ።

«ሥዕሉ እዚያ ነው የሚታየው።»

«አንተ ነህ የምትነግራቸው።»

ለመክፈቻው ሦስት ሰዓት ሲቀረው ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ሳሎኑን አንድ ጊዜ ዞሩት። ኮሪደሩን አዩ። ከዚያ እኔን ከነመሰላሌ አገኙኝ።

«አንተ ልጅ፣ እኔን የት ጣልከኝ?»

«ጋሼ፣ ከወዲያኛው ክፍል ነዎት።»

«ማድ ቤት?»

«አዎ ጋሼ። ገብተው ይዩትና ካልወደዱት አወርደዋለሁ።»

ገቡ። አልተከተልኳቸውም፤ ሰው የራሱን ሥራ ሲያይ ከጀርባው መቆም ነውር ይመስለኛል። መሰላሉን አጠፍኩ፣ ፒንሳና ካቻቢቴዬን ሰበሰብኩ፣ ወለሉን ጠረግኩ። ቆዩ። በጣም ቆዩ። በመጨረሻ ከዘራው ሁለት ጊዜ መሬት ሲመታ ሰማሁና ሄድኩ።

ወደ እሳቸው ሸራ ሳይሆን ወደ ከሰሉ ነበር የሚያዩት። «ይቺ የማን ናት?» አሉ። ነገርኳቸው። ስሟን አልሰሙም ነበር። ጠጋ ብለው የእናትየውን ትከሻ፣ ከሰሉ በአውራ ጣት የተፈተገበትን ቦታ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«የኔን ወደ ግራ ግፋው።»

«ምን ያህል?»

እጃቸውን ዘርግተው በስንዝር ለኩልኝ። «ትተንፍስ እንጂ፤ ደረቷ ላይ ቆሜባታለሁ።»

እኔ በሜትር ስለካ የዋልኩት ክፍተት 30 ሴንቲሜትር ነበር፤ ልክ ነው ብዬ አምኜ። እሳቸው እያዩኝ፣ ድሪሉን ይዤ አንድ ስንዝር ወደ ግራ አዲስ ቀዳዳ በሳሁ። ሸራውን አነሣን፣ ሰቀልን፣ ውሃ ልኩን አስቀመጥን። ሆነ። እንግዶቹ በር ላይ ናቸው፤ የዘበኛው ድምፅ ይሰማል። የድሮው ቀዳዳ ግን በሁለቱ ሥዕሎች መሐል አፉን ከፍቶ ቀረ። ስቱኮ በጣቴ ጠረግ አድርጌ ደፈንኩት። እስኪደርቅ የሚጠበቅበት ጊዜ ስላልነበረ የልጅቷን መግለጫ ካርድ ከላዩ ለጠፍኩበት።