ጸጥታ የሌለው መናፈሻ

መናፈሻ የሚለውን ቃል ያወጡልን ሰዎች ብልህ ነበሩ። ሰው ከሚሠራበት፣ ከሚገበያይበትና ከሚጨቃጨቅበት ወጣ ብሎ ነፋስ የሚቀበልበት ቦታ ማለት ነው። ዛሬ በየከተማችን «እስቲ መናፈሻ እንሂድ» ቢሏችሁ ግን ወዴት እንደሚወስዷችሁ ታውቁታላችሁ። የፕላስቲክ ወንበር፣ ቢራ፣ ጥብስና ሰው የሚያህል ስፒከር ወዳለበት ግቢ ነው። ፊት ለፊታችሁ የተቀመጠው ወዳጃችሁ አፉ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ እንጂ ቃሉ አይደርሳችሁም። «ምን አልክ?»፣ «ኧ?» ስትባባሉ ታመሻላችሁ፤ ጉሮሯችሁ ሲደርቅ ሒሳብ ከፍላችሁ ትወጣላችሁ። ይኸው ተናፈሳችሁ!

በቢራ ሻጭ ላይ ቂም የለኝም። መጨፈር የፈለገ ይጨፍር። ቅሬታዬ ዝም ብሎ መቀመጥ የፈለገ ሰው መሄጃ ማጣቱ ላይ ነው።

ወረታን እንውሰድ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገድና ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈው መንገድ የሚገናኙት እዚያ ነው። አይሱዙው ያጓራል፣ ረዳቱ ይጣራል፣ ባጃጁ ይንጫጫል። የፎገራ ሩዝ ከታጨደ በኋላ ደግሞ የመፈልፈያ ወፍጮዎቹ ይጨመሩበታል። በዚህ የሚከፋ የለም፤ የእንጀራ ድምፅ ነው። ችግሩ ከዚያ ላይ የሚደረበው ነው። አንዱ ሱቅ ሙዚቃውን ወደ ውጭ ይለቃል፤ ጎረቤቱ እንዳይበለጥ የራሱን ከፍ ያደርጋል፤ በመካከሉ ማስታወቂያ የጫነ መኪና በድምፅ ማጉያ እየጮኸ ያልፋል። የመጀመሪያው የሥራ ጩኸት ነው፤ ይኼኛው የጉልበት ማሳያ።

ታዲያ ዕዳውን የሚከፍለው ማነው? ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የሚያጠናው ልጅ ነው፤ በአንዲት ክፍል ቤት ከአምስት ሰው ጋር የሚኖር። ሩዝ ሲሸከም የዋለው ወዛደር ነው። ሐዘን የገባት እናት ናት። ገንዘብና ጊዜ ያለው እንደሆነ ባሕር ዳር ወርዶ ጣናን እያየ ሻይውን ይጠጣል። ዝምታም እንደ ጤፍ ዋጋው ወጥቷል ማለት ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን ከብክለት ይቆጥረዋል። የወጣው ደረጃም በመኖሪያ ሰፈር ቀን ከ55፣ ሌሊት ከ45 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይላል። ሁለት ሰዎች ተቀራርበው በደህና ሲያወሩ ወደ 60 ዴሲቤል ይጠጋሉ። እንግዲህ ሕጉ ከወሬያችን ዝቅ ይበል ያለው ድምፅ፣ ወሬያችንን ውጦ ከጨረሰ ቆይቷል።

መናፈሻ አልተሠራም ወይ የሚለኝ ይኖራል። ተሠርቷል። አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አንድነት ፓርክን፣ ወዳጅነትን፣ እንጦጦን አይታለች። ያምራሉ፤ ሐሰት አልናገርም። ነገር ግን ለዓመት በዓልና ለሠርግ ፎቶ ታቅዶ የሚኬድባቸው ናቸው። ከሥራ ሲወጣ ራሱ የዞረበት ሰው ታክሲ ተሰልፎ እንጦጦ አይወጣም። እሱ የሚፈልገው ከሰፈሩ ጥግ፣ በእግሩ አምስት ደቂቃ ሄዶ፣ ምንም ሳይከፍልና ምንም ሳያዝ ሩብ ሰዓት የሚቀመጥበት ቦታ ነው። የእኛ ከተሞች ትልቁን መመረቅ ይወዳሉ፤ ለትንሹ ሪባን አይቆረጥምና።

ትንሹ ግን ይሠራል። ኒውዮርክ መካከል፣ በሕንፃዎች መሐል፣ ፔሊ ፓርክ የሚባል ቦታ አለ። በእነሱ አቆጣጠር በ1967 የተከፈተ ሲሆን ስፋቱ 390 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ሦስት በኩል ግድግዳ፣ ከላይ የዛፍ ጥላ፣ እንደ ልብ የሚንቀሳቀሱ ወንበሮች፣ ከወዲያ ጫፍ ስድስት ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ፏፏቴ አለው። ፏፏቴው የመንገዱን ጩኸት ይሸፍነዋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

እንቅዳው ብዬ አይደለም። ጀሪካን ተደርድሮ ውሃ በሚጠበቅበት ከተማ የኤሌክትሪክ ፏፏቴ መትከል ስድብ ነው። ደግሞስ ከኒውዮርክ ምን አስኬደን? ደቡብ ጎንደር የዚህ ጥበብ ባለቤት ነው። በሜዳው ላይ ደን ካያችሁ ከሥሩ ቤተ ክርስቲያን አለ። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር ያጠኗቸው 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ተገኝቶባቸዋል። ከብት እንዳይገባና እርሻ እንዳይገፋው ዙሪያውን የድንጋይ ካብ የተካበላቸውም አሉ። ሰው በሩን አልፎ ሲገባ ድምፁን የሚቀንሰው ዘበኛ ተቆጥቶት አይደለም። ካቡ፣ ጥላውና ወደ ውስጥ የሚወስደው መንገድ ራሳቸው «ቀስ በል» ይሉታል።

ነገር ግን ያ የጸሎት ቦታ ነው፤ መስጊዱም እንዲሁ። የከተማ ሰው ሃይማኖቱ ሳይጠየቅ የሚያርፍበት የጋራ ቦታ ያስፈልገዋል። ከአባቶች ቦታውን ሳይሆን ትምህርቱን እንውሰድ።

ትምህርቱ ሲተረጎም እንዲህ ነው። ሃያ በሃያ ሜትር መሬት ይበቃል፤ ከዋናው መንገድ አንድ ረድፍ ቤት ወደ ውስጥ የገባ ቢሆን ይመረጣል። ከመንገድ የሚርቁት ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የመኪና ድምፅ የሚቀንሰው በ3 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ነው፤ አንድ ረድፍ ዛፍም ድምፅ አያቆምም። የሚያቆመው ክፍተት የሌለው ግንብ ነው፤ የመንገዱን መኪና ከዓይን የሚሰውር። በሩ ፊት ለፊት ሳይሆን ታጥፎ ይግባ። ውስጡ ዋንዛና ወይራ ይተከል፤ ወፍ ያለበት ዛፍ ፏፏቴን ይተካል። የፎገራ ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ መረማመጃው ድንጋይ ይሁን፣ የጎርፍ መውረጃ አይረሳ። የ1998ቱን ክረምት ጎርፍ ያየ ሰው ይህን ሊነገረው አይገባም። ከሁሉ በላይ ለነጋዴ አይከራይ። በተከራየ ማግስት ስፒከሩ ይገባል።

ይህን የምጽፈው ይበልጡን አንበሳሜንና መሰሎቿን አስቤ ነው። የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ገና እያደገች ያለች ናት። የከተማ ፕላን መመሪያችን 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ይላል። ወረቀቱ ላይ አረንጓዴ የተቀባው ቦታ ግን በየከተማው «ለጊዜው» እየተባለ ሲሸነሸን አይተናል። ዛሬ አራት መቶ ካሬ ማስቀረት ለአንበሳሜ ቀላል ነው። ነገ ካሳ ከፍሎ ቤት ማፍረስ ይጠይቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። በአማርኛችን «ጸጥታ» ስንል አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስና ሚሊሻ ነው የሚታወሰን። በተለይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን ግጭት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ሰው የሚያውቀው ዝምታ ሱቅ ተዘግቶ፣ መንገድ ጭር ብሎ፣ ጆሮ ቀጥሎ ምን እንደሚሰማ የሚጠብቅበትን ነው። ያ ዝምታ አያሳርፍም። «ሰው እየሞተ ስለ አግዳሚ ወንበር ታወራለህ?» የሚለኝ ካለ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን፣ በጥይት ድምፅ የባነነ ልጅ ሳይፈራ ዝም የሚልበት ቦታ ከማንም በላይ ያስፈልገዋል የሚል ነው። አራት መቶ ካሬ ሜትር ሰላም አያመጣም። የፍርሃቱ ያልሆነ ጸጥታ መኖሩን ግን ያስታውሰናል።