ፍሊሱን ገልብጦ ማየት

የዮርዳኖሷ አማን ኮረብቶች ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። ከመሀል ከተማው ሸለቆ ተነስቶ ወደ ጀበል አማን የሚያወጡትን የድንጋይ ደረጃዎች በጥር ብርድ የወጣ ሰው ችግሩን ያውቀዋል፤ ታች ሲጀምር ይንቀጠቀጣል፣ እኩሌታው ላይ ያልበዋል፣ ጫፍ ደርሶ ነፋስ ሲያገኘው ላቡ ጀርባው ላይ ይቀዘቅዛል። እንጦጦ ላይ በማለዳ የሚሮጡ አትሌቶቻችንም ከዚሁ ጋር ነው የሚታገሉት። እንዲህ ያለ ሰው የሚለብሰው ልብስ ሙቀት ማቆየቱ ብቻ አይበቃውም፤ ሲበዛ መልቀቅም አለበት። ለሠሪው የሚከብደው ሁለተኛው ነው።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ግራጫ ፍሊስ የተገዛው ከራስ አል ዐይን የዓርብ ገበያ ነው፤ እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ድረስ አብደሊ ሰፈር ከነበረው ገበያ፣ የአማን ሰዎች «ባላ» እኛ ሰልባጅ ከምንለው ልብስ ክምር ውስጥ። አንገቱ ሥር ያለው ጽሑፍ ዮርዳኖስ ውስጥ መሠራቱን ይናገራል። አሜሪካ ተሽጦ፣ ተለብሶ፣ በቦንዳ ታስሮ ወደ ተሰፋበት አገር ተመልሶ ይሆናል። የሰልባጅ ንግድ እንዲህ ያለ ነገር አያቅተውም።

የልብስ ሙያ የሚታየው ሲገለበጥ ነው። የዚህ ፍሊስ ውስጡ በረድፍ የተደረደሩ ትናንሽ ጸጉራም አራት ማዕዘኖች ናቸው፤ በመካከላቸው ጨርቁ ራቁቱን የቀረባቸው ቀጫጭን መስመሮች ወዲያና ወዲህ ይሄዳሉ። ወደ መስኮት ቢያነሱት ብርሃን በመስመሮቹ ያልፋል። የሚያሞቀው ጸጉሩ ሳይሆን በጸጉሩ መሀል የታሰረው አየር ነው። ጋቢም አራት ድርብ ሆኖ የሚያሞቀን በዚሁ ምክንያት ነው፤ ግን ጥጥ ነውና ላብ ይጠጣል፣ ይከብዳል። በተለመደው የአየር እርጥበት ጥጥ ከክብደቱ 8 በመቶ ገደማ ውሃ ሲይዝ፣ ይህ ፍሊስ የተሠራበት ፖሊስተር ግን ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ እዚህ ላቡ ክሩ ውስጥ አያድርም፤ ማዕዘኖቹ አየሩን ይዘው ሲቆዩ፣ እንፋሎቱ በመስመሮቹ በኩል ይወጣል።

አሠራሩ ሲሰሙት ቀላል ነው። ክብ የሹራብ ማሽን በአንድ ክር መሠረቱን፣ በሌላው ቀለበቶችን ይሠራል። ጥቃቅን የሽቦ ጥርስ ያላቸው ሮለሮች ቀለበቶቹን ቦጭቀው ያጸጉሯቸዋል፣ ስለት ቁመቱን ያስተካክላል፣ ሙቀት ቅርጹን ያጸናል። ጥበቡ ያለው ልኩን በማወቅ ላይ ነው። አብዝቶ የቦጨቀ መሠረቱን ያሳሳዋል፣ ያሳነሰ ደግሞ አየር የሚይዝ ነገር አያተርፍም። ይህኛው ከዓመታት አጠባ በኋላ ክርኑ አካባቢ ብቻ ነው ትንሽ የተንከባለለው፤ የተቀረው ጸጉር አሁንም በአንድ ቁመት ቆሟል።

ፍሊስን ያስለመደው ላውረንስ፣ ማሳቹሴትስ የነበረው ማልደን ሚልስ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከልብስ ኩባንያው ፓታጎንያ ጋር ሆኖ ያወጣው ጨርቅ ዳር እስከ ዳር እኩል ወፍራም ነበር፤ ቆመው ሲለብሱት ግሩም፣ ሲሮጡበት ግን ማፈኛ። በታኅሣሥ 1995 እ.ኤ.አ. ፋብሪካው ሲቃጠል ባለቤቱ አሮን ፎየርስታይን ሥራ ለቆመባቸው ሠራተኞች ደመወዝ መክፈሉን በመቀጠሉ ስሙ እስከ ዛሬ ይነሳል። ኩባንያው ኋላ ፖላርቴክ ተባለ፤ ከዚያ የመጀመሪያ ጨርቅ ወዲህ ያሉት ምርጥ ጨርቆቹ ክር በመጨመር ሳይሆን በመቀነስ የተገኙ ናቸው።

ስፌቱ ግን ከጨርቁ ይበልጥ ያስደንቀኛል። ፍሊስ ይለጠጣል፤ ዚፕ ግን አይለጠጥም። ሰፊው እጁን ትንሽ ካከበደና ጨርቁን ከሳበው ዚፑ ሲዘጋ እንደ እባብ ይጣመማል። ርካሽ ጃኬቶች ላይ ሁልጊዜ የማየው ጉድለት ነው። እዚህ ከእምብርት እስከ አገጭ ቀጥ ብሎ ወጥቷል፤ የግራው ረድፍ ማዕዘኖችም ዚፑን ተሻግረው ከቀኙ ረድፍ ጋር ፊት ለፊት ይገጥማሉ። ይህ በስፌት ጊዜ የሚፈታ ነገር አይደለም። ጨርቁ ከጥቅሉ ተፈትቶ እስኪረጋጋ መቆየት አለበት፣ ጸጉሩ በሁሉም ቁራጭ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝቶ መቆረጥ አለበት፤ ያለዚያ እጅጌው ከደረቱ የተለየ ቀለም ያለው ይመስላል። መርፌውም ጫፉ ድቡልቡል መሆን ይኖርበታል፤ ክሩን ሳይበጥስ ገፋ አድርጎ በመሀል እንዲያልፍ። የትከሻው ስፌት የቦርሳ ማንገቻ እንዳይፈገፍገው ወደፊት ተስቧል። ብብት ሥር አራት ስፌቶች አንድ ነጥብ ላይ ተገናኝተው እንዳይጎረብጡ ሌላ ቁራጭ ገብቷል። ጠፍጣፋውን ስፌት በጣቴ ስዳስሰው ከቆዳ ጋር የሚጋጭ ጠርዝ አላገኘሁም።

እንዲህ ያለ ስፌት የሚሠሩ እጆች ከአማን በስተ ደቡብ ምሥራቅ ሰሃብ ላይ አሉ። እዚያ አል ተጃሙዓት የኢንዱስትሪ ከተማ ውስጥ ጄራሽ ሆልዲንግስ የተባለ ድርጅት ለኖርዝ ፌስ ጃኬት ይሰፋል። በዮርዳኖስ አልባሳት ፋብሪካዎች ከሚሰፉት አብዛኞቹ ከባንግላዴሽና ከሌሎች የደቡብ እስያ አገሮች የመጡ ሴቶች ናቸው። ሥራው ወደ ዮርዳኖስ የመጣው በሱፍ ወይም በጥጥ ብዛት አይደለም። አሜሪካ ለሰው ሠራሽ ክር ሹራብ 32 በመቶ መደበኛ ቀረጥ ታስከፍላለች፤ በታኅሣሥ 2001 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የነጻ ንግድ ስምምነት ዮርዳኖስን ለረጅም ዓመታት ከዚህ አድኗታል። በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክም ዓይኑን የጣለው አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች በምትሰጠው የቀረጥ ነጻ ዕድል፣ በአጎዋ፣ በኩል በተከፈተ ተመሳሳይ በር ላይ ነበር፤ በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ያ በር ተዘጋ። ዚፕ ቀጥ አድርጎ የመስፋት ችሎታ ግን የሚገኘው ከቀረጥ ውል ሳይሆን መቀመጫዋ ላይ ዓመታት ካሳለፈች ሴት እጅ ነው።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ደረቱ ላይ የብራንዱ ስም በወፍራም ክር ተጠልፏል፤ ከበስተ ውስጥ ማጠናከሪያ ጨርቅ ተለጥፎበታል፣ መስመሮቹም እዚያ ተደፍነዋል። እያንዳንዱ መስመር አየር እንዲያሳልፍ በተለፋበት ልብስ ላይ የማይተነፍሰው ቦታ እሱ ብቻ ነው። ቀጭን የቀለም ሕትመት ይበቃ ነበር።