እግር ከማበጡ በፊት የሚታየው ቆዳ፦ በዝሆኔ ጥናቶች ላይ የቀረበ ሂስ

ዝሆኔ (ፖዶኮኒዮሲስ) በእብጠት አይጀምርም። በባዶ እግሩ ቀይ አፈር እየረገጠ ባደገ ወጣት ላይ አስቀድሞ የሚታየው የፊት እግር ቆዳ ማሳከክ፣ ሌሊት የሚብስ የማቃጠል ስሜት፣ የቆዳ መስመሮች መጉላትና የጣቶች መራራቅ ነው። ከእብጠት በፊት ያለውን ይህን ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለይተው የጻፉት፣ ለበሽታው ስም ያወጡለትም፣ በኢትዮጵያ የሠሩት እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ጥናቶች ስለ አፈሩ የጻፉትን ተቀብለው ስለ ቆዳው የጻፉትን ግን ችላ ብለውታል።

ከፕራይስ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመው የኦመን ጥናት በ56 ገበያዎች እግር በመመልከት ስርጭቱን 2.73 በመቶ አድርሶታል። ዘዴው ለዘመኑ ብልህነት ነበር። ይሁንና እግሩ እጅግ ያበጠ ሰው በኀፍረት ከቤቱ አይወጣም፤ በሽታው ገና የጀመረው ደግሞ ገበያ ቢወጣም በዓይን አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የደብረ ኤልያስና የደምበጫ ጥናት ቤት ለቤት ሄዶ የመጀመሪያውን ጉድለት አርሟል፤ 3.3 በመቶም አግኝቷል። ሁለተኛው ግን እንዳለ ነው፦ የተቆጠረው ያበጠ እግር ነው።

የዚህ ዋጋ በአነደድ ወረዳ በተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው የሕክምና ሙከራ ይታያል። እግር ማጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ያገኙት ሕሙማን በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ የእግር መቆጣት ሲደርስባቸው፣ ያላገኙት 23.9 ጊዜ ታመዋል። ጥቅሙ የተረጋገጠ ነው፤ ነገር ግን በዓመት አሥራ ዘጠኝ ጊዜ መተኛት ለገበሬ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይገምተው።

በምዕራብ ቤንጋል የአርሴኒክ መመረዝ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የቆዳ ሐኪሞች የመዳፍንና የውስጥ እግርን መሻከር አስተውለው ወደ ጉድጓዱ ውኃ በመሄዳቸው ነው። እዚያ ቆዳው ወደ ምንጩ መርቷል፤ እዚህ ምንጩ ታውቆ ሳለ ቆዳው አይታይም።

ቢቸናና ሞጣ ከ2000 ሜትር በላይ ባለው፣ ዝናብ በማይለየው የጮቄ ዙሪያ ደጋ ይገኛሉ። በእነዚህ ወረዳዎች የሚደረግ ቆጠራ ከገበያና ከቤት ይልቅ ከትምህርት ቤት ቢጀምር፣ የተማሪው ጫማ ወልቆ እግሩ ቢመረመር ይሻላል። የስሜት ምርመራም አይቅር፤ በዝሆኔ እግሩ አይደነዝዝም፣ በሥጋ ደዌ ግን ይደነዝዛል።