በብሩሽ የተጻፈ ታፔላ
ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ከተማ ስትደርሱ፣ እባካችሁ ቀና ብላችሁ ታፔላዎቹን እዩ። በአንዲት ጠባብ ቆርቆሮ ላይ አማርኛው በግዕዝ ፊደል፣ ሀዲይኛው ወይም ከምባትኛው በላቲን ፊደል ጎን ለጎን ይጻፋል። ቁመታቸውና ውፍረታቸው የማይመሳሰል ሁለት ፊደላትን አንዱ ሌላውን ሳይጋርድ ማስቀመጥ፣ ከሩቅም እንዲነበቡ ማድረግ፣ ለእኔ ትልቅ ጥበብ ነው። የታተመ ባነር ቢበዛም ይህን የሚመዝነው የሰው ዓይን ነው።

ዓይን ደግሞ ይሠለጥናል። ሠዓሊው አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ካቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጡት ወሰኔ ኮስሮፍ የአማርኛን ፊደል የሥዕላቸው ዋና ጉዳይ አድርገው ዓለም አቀፍ ዝና አግኝተዋል። ፊደል የመደርደር ትምህርት ለመጽሐፍ ሽፋን፣ ለፖስተር፣ ለማስታወቂያ ድርጅትም በር ይከፍታል። ታፔላ በብሩሽ የሚጽፉ የሆሳዕና ወጣቶችም ይህን ትምህርት እዚያው ከተማቸው ቢያገኙት እመኛለሁ።