«የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ»፦ በአንድ ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

የቀራንዮ ነዋሪ መኪና መንዳት ተምሮ ፈተናውን ሲያልፍ «መንጃ ፈቃድ አወጣሁ» ይላል። ሕጉ ግን ሰነዱን በዚህ ስም አይጠራውም። በአዋጅ ቁጥር 600/2000፣ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 የተመረጠው ስያሜ «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ» የሚል ነው። በዚህ ሐረግ ሦስት ጽንሰ ሐሳቦች ተደራርበዋል፤ ሂሳችንም በዚሁ መደራረብ ላይ ነው።

ብቃት በባለቤቱ ዘንድ የሚገኝ ነገር ነው። «በቃ» ከሚለው ግሥ የወጣ እንደ መሆኑ መጠን ለአንድ ነገር መድረስን ያመለክታል። የበቁ አባት የሚባሉት መናኝ ወረቀት አይጠየቁም፤ እንዲያውም መብቃታቸውን ይሰውራሉ። እጁ የሠለጠነ ሾፌርም ማንም ሳይመሰክርለት ብቁ ነው። ማረጋገጫ ግን ሁለተኛ ሰው ይሻል፤ መዛኙ አይቶ ቃሉን ይሰጣል። ፈቃድ ከሁለቱም ይለያል። በግዕዙ ፈቀደ ማለት ወደደ፣ ሻ ማለት ነውና ቃሉ የሚናገረው ስለ ሰጪው ውዴታ እንጂ ስለ ተቀባዩ ችሎታ አይደለም።

ልዩነቱ በግሦቹ ይታወቃል። ፈቃድ ይታገዳል፣ ይሰረዛል፣ ይታደሳል፤ «ብቃቱ ታገደ» የሚል አማርኛ ግን አልሰማንም። ጠጥቶ በማሽከርከሩ የታገደ ሾፌር መሪ መያዙን አልረሳም፤ የተነሣበት መብቱ ነው። ስያሜው ግን ችሎታውም ምስክሩም አብረው የታገዱ ያስመስላል።

የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 በዚህ ረገድ ይሻላል፤ በእርሱ ዘንድ የብቃት ማረጋገጫ ከንግድ ሥራ ፈቃድ ተለይቶ የቆመ ሰነድ ነው። ስለ ጥብቅና የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249/2013ም «ፈቃድ» የሚለውን ቃል ብቻውን አቁሞታል፤ የሕግ ዲግሪ ያለው ሁሉ ጠበቃ አለመሆኑን አንባቢ ከስያሜው ይረዳል።

ጉዳዩ ለተርጓሚ ተራ የቃላት ምርጫ አይደለም። ለእርማት እጃችን የገባ አንድ ትርጉም የአንዲት ነርስን የብቃት ምዘና ወረቀት (በተለምዶ «ሲኦሲ» የሚባለውን) የሥራ ፈቃድ አድርጎ አቅርቦት ነበር። ተቀባዩ መሥሪያ ቤት ያልተሰጣትን ፈቃድ እንዳቀረበች ቢቈጥር፣ አስቀድማ የምትጠየቀው ባለ ወረቀቷ እንጂ ተርጓሚው አይደለም።

እኛስ ለአሽከርካሪው «የመንጃ ፈቃድ» ይበቃዋል ባዮች ነን። ሕዝቡ ይህንንም አሳጥሮ «መንጃ» ብቻ ይለዋል፤ እርሱን እንኳ ለአዋጅ አናቀርበውም።