«ዞሃርን» የጻፈው ማን ነው? ስለ አንድ ክርክርና ስለ መርማሪዎቹ የቀረበ ትችት

የአይሁድን ምሥጢራዊ ትምህርት ለማጥናት የሚነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚያጋጥመው ጥያቄ የመጻሕፍት ምርመራ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም የትምህርቱ ዋና መጽሐፍ የሆነውን «ዞሃርን» ማን ጻፈው የሚለው ነው። ጥያቄው ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ነገር ግን ገና አላረጀም። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሻው የመልሱን ታሪክ ብቻ አይደለም። መልሱን የሰጡት ሊቃውንት፥ ከሁሉም ይልቅ ገርሾም ሾለም፥ ምን እንዳቀኑና በምን እንደ ሳቱ ለመመርመር ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ትምህርቱ በዕብራይስጥ «ካባላ» ይባላል። ቃሉ ከግእዙ «ተቀበለ» ጋር አንድ ሥር ያለው ሲሆን፥ ደቀ መዝሙር ከመምህሩ የተቀበለው ማለት ነው። «ዞሃር» ደግሞ ጸዳል ማለት ነው። መጽሐፉ አብዛኛው በአራማይስጥ የተጻፈ የኦሪት ትርጓሜ ነው፤ ይሁን እንጂ የእኛ መምህራን ጉባኤ ዘርግተው «አንድም» እያሉ እንደሚያወርዱት ያለ ትርጓሜ አይደለም። በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው መምህር ስምዖን ባር ዮሐይና ባልንጀሮቹ በገሊላ መንገድ ሲጓዙ፥ ከአህያ ነጂና ከሕፃን ሳይቀር ምሥጢር ሲሰሙ፥ በሰሙትም ደስታ ሲያለቅሱ ይታያሉ። የማይመረመረው አምላክ በዐሥር መገለጫዎች እንዴት እንደሚታወቅ የሚያስተምረው ረቂቅ ነገር ሁሉ የሚነገረው በእነዚህ መንገደኞች አፍ ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁና።

መጽሐፉ መታየት የጀመረው በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በስጳንያ፥ በካስቲልያ ምድር ነው። ክፍሎቹን እየገለበጠ ያወጣ የነበረውም ሞሼ ዴ ሌዎን የተባለ ሊቅ ነበር። አካ የተባለችው ከተማ በ1291 በማምሉኮች እጅ ከወደቀች በኋላ ይስሐቅ የተባለ የዚያች ከተማ ሊቅ ወደ ስጳንያ መጣ። የስምዖን አገር ሰዎች ያልሰሙት መጽሐፍ በባዕድ ምድር መገኘቱ አስደንቆት ስለ ነገሩ ይጠይቅ ጀመር። ሞሼን በቫያዶሊድ አገኘው፤ ሞሼም ጥንታዊው መጽሐፍ በአቪላ በቤቱ እንዳለና መጥቶ ቢያይ እንደሚያሳየው ማለለት። ነገር ግን ወደ ቤቱ ሲመለስ በአሬቫሎ ታመመና በ1305 በዚያው ሞተ።

ይስሐቅ አቪላ ሲደርስ የሰማው ወሬ እንዲህ ነው። ሞሼ ለሚስቱና ለሴት ልጁ ሀብት ሳይተው ስለ ሞተ፥ አንድ የከተማው ባለጸጋ ዋናውን ቅጂ ቢሰጡት ልጅቱን ለልጁ ሊያጋባት፥ ሁለቱንም ከችግር ሊያወጣቸው አሰበ። የባለጸጋው ሚስት እናቲቱንና ልጅቱን ለየብቻ ጠየቀቻቸው። ሁለቱም እንዲህ ያለ መጽሐፍ ፈጽሞ እንዳልነበረ፥ ሟቹ ከገዛ ልቡ እያፈለቀ ይጽፍ እንደ ነበር መለሱ። ሚስቱ ስለ ምን በሌላ ሰው ስም እንደሚጽፍ ጠይቃው እንደ ነበርና፥ የራሱ መሆኑ ቢታወቅ ማንም እንደማያከብረው ገንዘብም እንደማያገኝበት እንደ ነገራት ተናገረች።

የኋለኞቹ ተቺዎች ነገር ሁሉ በዚህች መበለት ቃል ላይ የቆመ ይመስላል። ያዕቆብ ኤምደን በ1768 ባሳተመው መጽሐፍ በ«ዞሃር» ውስጥ ከስምዖን ዘመን በኋላ የሆኑ ብዙ ነገሮችን እየለየ አወጣ። በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የአይሁድን ታሪክ የጻፈው ሃይንሪክ ግሬትስ ሞሼን አታላይ፥ መጽሐፉንም ሐሰት ብሎ ፈረደበት። ግሬትስ በምክንያታዊ ዘመን የኖረ ሰው ነበርና ምሥጢራዊውን ትምህርት እንደ ማፈሪያ ነገር ያየው ነበር፤ ጥላቻው ምርመራውን ቀድሞታል ብል ሐሜት አይሆንብኝም።

ሾለም የተነሣው ይህን ፍርድ ለማፍረስ ነው። በ1897 በበርሊን ተወልዶ በ1923 ወደ ኢየሩሳሌም የሄደው ይህ ሊቅ በ1925 በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር ሞሼ ዴ ሌዎን «ዞሃርን» መጻፉን አጠያያቂ አደረገው፤ የግሬትስ ማስረጃ አይበቃም አለ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት የመጽሐፉን ቋንቋ ቃል በቃል ሲመረምር ኖረ። በ1938 በኒው ዮርክ ባደረጋቸውና በ1941 በመጽሐፍ በታተሙት ትምህርቶቹም የገዛ አሳቡን ሽሮ፥ ጸሐፊው ያው ሞሼ ነው ሲል ደመደመ። ሊቅ የራሱን ቃል በራሱ እጅ ሲያፈርስ ማየት ብርቅ ነገር ነው።

ያሳመነው የመበለቲቱ ቃል ሳይሆን ሰዋስው ነበር። የ«ዞሃር» አራማይስጥ አፍ የፈታበት ሰው የተናገረው አይደለም፤ ከባቢሎን ታልሙድና ኦንቄሎስ ከሚባለው የኦሪት ትርጉም የተለቃቀመ የመጽሐፍ ቋንቋ ነው። በግሥ አዕማድ ይሳሳታል፤ አድራጊውን በአስደራጊው ስፍራ ያገባዋል። የእኛ አገር የቅኔ ተማሪ ይህ ዐይነቱ ስሕተት ምን እንደሚናገር ሳይነገረው ይገባዋል። ከአራማይስጡም በታች የመካከለኛው ዘመን ዕብራይስጥ ብቅ ይላል። ምኵራብን በስጳንያ አይሁድ ልማድ «እስኖጋ» ይልና፥ ቃሉን የእሳት ብርሃን ማለት እንደ ሆነ አድርጎ ይተረጕመዋል። በታናሽ እስያ ያለችውን ቀጰዶቅያን በገሊላ አጠገብ ያለች መንደር ያደርጋታል። እንዲህ ያለውን የገሊላ ሰው አይጽፈውም። ሞሼ በስሙ በጻፋቸው የዕብራይስጥ መጻሕፍት ውስጥ ያሉት አነጋገሮችም ከእነ ስሕተታቸው በ«ዞሃር» ይገኛሉ። ሾለም ከዚህ ሌላ በ1264 ለሞሼ የተገለበጠ የሙሴ ማይሞኒዴስን የፍልስፍና መጽሐፍ አግኝቷል፤ ስለዚህ ምሥጢረኛው ሰው አስቀድሞ የፍልስፍና ተማሪ እንደ ነበረ ታወቀ።

እስከዚህ ድረስ የሾለም ሥራ እጅግ የሚደነቅ ነው። ግሬትስ ጸሐፊውን ሲያገኝ መጽሐፉን ጣለ፤ ሾለም ግን ጸሐፊውን ካገኘ በኋላ መጽሐፉን አነሣው፤ በጥንት ሰው ስም መጻፍ የሃይማኖት ሰዎች የቆየ ልማድ እንጂ ተራ ማታለል አለመሆኑን አስረዳ። እኔም በውጭ አገር ተማሪ ሳለሁ ይህን ምዕራፍ በማንበብ ነገሩ ሁሉ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

አላለቀም። ሾለም ጸሐፊውን አንድ ሰው ካደረገው በኋላ፥ ከአንዳንድ በኋላ የተጨመሩ ክፍሎች በቀር መጽሐፉን የአንድ ሰው አእምሮ መስተዋት አድርጎ አነበበው። የሁዳ ሊቤስ ኋላ እንደ ተከራከረው፥ እርስ በርሱ የሚቃረነው ትምህርትና የተለያየው የአጻጻፍ መልክ የአንድ ማኅበር ሥራ መሆኑን ያሳያል፤ ሞሼም ከማኅበሩ አንዱ ነው። እኔ ወደዚህ አሳብ አደላለሁ። መጽሐፉ ራሱ ከገጽ ወደ ገጽ የሚያሳየን ብቻውን የሚጽፍ ሰው ሳይሆን አብረው የሚሄዱ ባልንጀሮች ናቸው። ልብ ወለድ ነው ቢባል እንኳ እንዲህ ያለ ልብ ወለድ ባልንጀራ ከሌለው ሰው አይወጣም። ሁለተኛው ጕድለት ሞሼ ኢደል በ1988 ባወጣው መጽሐፍ የጠቀሰው ነው፤ ሾለም ትምህርቱን እንደ አሳብ ሥርዐት አይቶ ጸሎቱን፥ ልማዱን፥ የሰውየውን ሱባኤ ችላ አለው። የሕዝብን ልማድ ለሚያጠና ማኅበር ይህ ጕድለት ቀላል አይደለም።

ነገሩ ወደ ቤታችንም ይመጣል። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ከወሰደ በኋላ፥ በ14ኛው ምዕራፍ ያለው የእሳትና የበረድ ቤት፥ የልዑሉም ዙፋን ራእይ፥ ሾለም የአይሁድ ምሥጢር የመጀመሪያ ደረጃ ለሚለው ለሠረገላው ራእይ ጥንታዊ ምስክር ሆነ። ሚሊክ በ1976 ያሳተማቸው የቁምራን የአራማይስጥ ቍርጥራጮችም መጽሐፉ ከክርስትና በፊት እንደ ነበረ አረጋገጡ። መርማሪዎች የተጻፈበትን ዘመን ከአባታችን ከሄኖክ ዘመን እጅግ ያርቁታል። ይህ ሲነገር በአገራችን ሁለት ዐይነት ሰዎች አያለሁ፤ አንዱ ጥያቄውን እንደ ድፍረት ይቈጥረዋል፤ ሁለተኛው የዘመኑን ቍጥር ካወቀ መጽሐፉን ማንበብ ይተዋል። ሁለተኛው ዘመናዊ ልብስ የለበሰ ግሬትስ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ መመሳሰልን ሁሉ ዝምድና ማድረግ ያሠጋል። የቤተ እስራኤል መጽሐፍ የሆነው «ትእዛዘ ሰንበት» ሰንበትን እንደ ንግሥት በሰማይ ያሳያታል፤ ካባላውያንም ሰንበትን እንደ ንግሥትና እንደ ሙሽራ ይቀበላሉ። ከዚህ ተነሥቶ ካባላ ጣና ዳር ደርሷል ማለት ይቀላል፤ ስሕተትም ነው። የቤተ እስራኤል መጻሕፍት ግእዝ ናቸው፤ ታልሙድም «ዞሃር»ም በእጃቸው አልነበረም። ስቲቨን ካፕላን በ1987 እንዳሳየው «ትእዛዘ ሰንበት» ዝምድናው ከክርስቲያን የግእዝ ድርሳናት ጋር ነው። ሰንበትን እንደ ሙሽራ መቀበልም ከ«ዞሃር» በፊት በታልሙድ አለ።

ወደ መበለቲቱ ልመለስ። ይስሐቅ እንደሚተርከው ሌላ ሰው ሞሼን በጥበብ ፈትኖታል፤ ከእርሱ ከወሰደው ቅጂ አንድ ጥራዝ ጠፋብኝ ብሎት ሞሼ ያንኑ ሳይለውጥ ጽፎ ሰጠው። ፈታኙ ይህን የጥንታዊው መጽሐፍ ማስረጃ አደረገው፤ የሚያስረዳው ግን ሞሼ ለራሱ ቅጂ ያስቀር እንደ ነበረ ብቻ ነው። የመበለቲቱም ቃል ከእርስዋ አፍ አልደረሰንም፤ ከእርስዋ ወደ ባለጸጋው ሚስት፥ ከዚያም በሌላ ሰው አፍ ወደ ይስሐቅ፥ ከይስሐቅ ማስታወሻም አብርሃም ዛኩቶ ወደ ጻፈው የታሪክ መጽሐፍ አልፎ ነው። ማስታወሻው ራሱ ጠፍቷል። ዛኩቶ የገለበጠው ክፍልም የሚቋረጠው የሞሼ ደቀ መዝሙር የነበረ ያዕቆብ የተባለ ሰው ሰማይንና ምድርን ምስክር አድርጎ ስለ «ዞሃር» መማል በጀመረበት ቃል ላይ ነው።