ከቆርቆሮው ጀርባ ያለው አንድ ኢንች

በሰሜን አሜሪካ የማገዶ ምድጃ በቤቱ ሊያስተክል የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ «ኢንሹራንሱ ይቀበለዋል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም፣ ከምድጃው ጀርባ ያለው የእንጨት ግድግዳ ምን ያህል እንደሚግል ሳይታወቅ ስለ ውል መነጋገር ነገሩን ከጭራው መጀመር ነው። በዩናይትድ ስቴትስ የብሔራዊው የእሳት መከላከያ ማኅበር ደንብ ቁጥር 211፣ በላቦራቶሪ ተፈትኖ የማረጋገጫ ምልክት ያልተለጠፈበት ምድጃ ከማናቸውም ተቀጣጣይ ነገር 36 ኢንች ወይም 91 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲርቅ ያዛል፤ የተፈተነው ምድጃ ግን በራሱ መመሪያና በምልክቱ ላይ የሰፈረውን ርቀት ይከተላል። ይህ ርቀት ለጠባብ ክፍል ስለሚበዛ፣ ግድግዳውን በመከለል እንዲያጥር ተፈቅዷል፤ የባለሙያዎቹም ክርክር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

ጡብ ወዳዶቹ ጡቡን ከእንጨቱ ግድግዳ ጋር አጣብቀው ገንብተው ሥራው እንዳለቀ ይቆጥራሉ፤ ነገር ግን ጡብ ሙቀቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። የደንቡ ሠንጠረዥ ራሱ 3.5 ኢንች ውፍረት ያለው ጡብ ከኋላው ክፍተት ከሌለው ርቀቱን ወደ 24 ኢንች ብቻ እንዲያሳጥር ሲፈቅድ፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ቆርቆሮ ከግድግዳው 1 ኢንች ርቆ ከቆመ እስከ 12 ኢንች ያወርደዋል፤ ምክንያቱም የሞቀው አየር በላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው ከታች እየገባ የቆርቆሮውን ጀርባ ያለማቋረጥ ስለሚያበርድ ነው። እንግዲህ ቤቱን የሚጠብቀው አየሩ ነው፤ ቆርቆሮው የአየሩ መንገድ ከመሆን አያልፍም። ስለዚህም ቆርቆሮውን ከግድግዳው የሚያርቁት ድጋፎች ከማይቃጠል ነገር መሠራትና ከምድጃው ትክክል ጀርባ አለመዋል አለባቸው፤ በኋላ የሚመጣ ቀለም ቀቢ ወይም አናጺ ለውበት ሲል የታችኛውን ክፍተት በዞኮሎ የደፈነ ዕለት ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ጉዳቱም ወዲያው አይታይም፤ ለዓመታት መጠነኛ ሙቀት ሲደርስበት የቆየ እንጨት ፓይሮሊሲስ በሚባለው አዝጋሚ የኬሚካል ለውጥ ስለሚከስል፣ አዲስ በነበረበት ጊዜ ሊነድ በማይችልበት ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ኢንሹራንሱ የማዘጋጃ ቤት ፈቃድና የምርመራ ወረቀት፣ በካናዳም ብዙ ጊዜ ዌት የተባለው የሙያ ማረጋገጫ ያለው መርማሪ ሪፖርት ይጠይቃል፤ ምድጃውን ሳያሳውቅ ያስተከለ ሰውም ካሳ ሊከለከል ይችላል። ይሁን እንጂ መርማሪው ድጋፎቹን ከተሸፈኑ በኋላ ማየት ስለሚቸግረው፣ ክለላው ሳይዘጋ ፎቶግራፍ ማንሣት ከማናቸውም ማኅተም ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚህ ሥራ የኖረ ባለሙያ ሙያውን ከቤቱ በር ላይ ጥሎ መሄድ አይሆንለትም፤ ጎረቤት ቤት ለቡና ተጠርቶ ምድጃው ሲደነቅ እርሱ ጎንበስ ብሎ ጣቱን ከቆርቆሮው ጀርባ ይከታል፤ ባለቤቶቹም ይህን እንደ ስድብ የሚቆጥሩበት ጊዜ አለ።